የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ በድንገት ቆሞ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቹ በሙሉ ኮምፒውተራቸው በሥራ ላይ እያለ በድንገት ቆሞ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልነሳ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በላፕቶፔ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ዊንዶውስ አፕዴት ማድረግ ጀመረ። ሥራው ሳያልቅ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሳ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአምራቹ ምልክት ይታያል፣ ነጥቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ጥገና እየተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩን መጠገን አልተቻለም ይለኛል። ደጋግሜ ባጠፋውና ባበራውም ያው ነው። ያሳየሁት የጥገና ባለሙያ ፎርማት መደረግ አለበት አለኝ፤ ጽሑፌን ግን ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ሌላ መፍትሔ የለውም?

መልስ፦ አለው። ከገለጹልን ምልክቶች ተነስተን ስንገምት ጽሑፍዎ በዲስኩ ላይ እንዳለ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ፎርማት ማድረግ ዊንዶውስን መልሶ ያስነሳው ይሆናል፤ ነገር ግን የችግሩ ምንነት ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ ከመሆኑም በላይ፣ በአሁኑ ሰዓት ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለእርስዎ ዋጋ ያለውን ነገር የሚያጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም ይለዩ፣ ቀጥሎ ፋይሎችዎን ያውጡ፣ ጥገናውን ከዚያ በኋላ ያስቡበት። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ስለሚጀምሩ ነው ሊድን ይችል የነበረ ፋይል የሚጠፋው።

የማብሪያው ቁልፍ ከተጫነበት ጊዜ አንስቶ የይለፍ ቃል እስከሚጠየቅበት ድረስ በየተራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉ። በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠው አነስተኛ ፕሮግራም፣ በቆዩት ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ይፈትሻል፤ የስክሪኑንም ክፍል ያነቃል። ከዚያ ዲስኩን ይፈልግና በላዩ ካለው ትንሽ የማስነሻ ፓርቲሽን (ለብቻው ከተከለለ የዲስክ ክፍል) የዊንዶውስን አስጀማሪ ያነባል። አስጀማሪው ደግሞ የዊንዶውስን እምብርትና ለመነሳት የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች፣ ማለትም ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር የሚግባባባቸውን ፕሮግራሞች፣ ወደ ራም ይጭናል፤ የቀሩት አገልግሎቶችና የመግቢያው ገጽ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርስዎ ዘንድ የአምራቹ ምልክት ስለሚታይ የመጀመሪያው ደረጃ ታልፏል፤ ነጥቦቹ ስለሚሽከረከሩም አስጀማሪው ተገኝቷል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስደስተው የጥገናው ገጽ ራሱ መውጣቱ ነው። ይህ ገጽ በአብዛኛው የሚነበበው ከዚያው ዲስክ፣ ለብቻው ከተከለለ ፓርቲሽን ላይ ስለሆነ ዲስኩ ቢያንስ በከፊል በደህና እየተነበበ ነው። እንግዲህ እንቅፋቱ ያለው ዊንዶውስ ድራይቨሮቹንና የራሱን ፋይሎች በሚጭንበት ቦታ ላይ ይመስላል፤ ይህም አፕዴቱ በመሐል ከመቋረጡ ጋር ይስማማል።

ሰማያዊው ስክሪን ብዙ ሰው እንደሚፈራው ዲስክ ተቃጠለ ማለት አይደለም። የዊንዶውስ እምብርት ሊያስተካክለው የማይችለው ስሕተት ሲገጥመው ጉዳቱ ወደ ፋይሎች እንዳይዛመት ሥራውን ሆን ብሎ የሚያቆምበት መንገድ ነው። ጉዳት የሚኖረው በዚያች ቅጽበት ዲስኩ ላይ እየተጻፈ በነበረው ነገር ላይ ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት በፋይሎች መዝገብ ላይ የሚያደርገውን እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ፣ ኃይል ቢቋረጥም መዝገቡን ወደ ጤናማ ሁኔታ መመለስ ይችላል። የፋይሉን ይዘት ግን በዚህ መልክ አይጠብቀውም። በመሆኑም በዚያች ደቂቃ ክፍት የነበረው ጽሑፍዎ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በፊት የተቀመጠው ምዕራፍ ግን በዚህ ምክንያት የሚጠፋበት ዕድል ጠባብ ነው። ሁኔታው ማውጫው ከተቀደደበት መጽሐፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ምዕራፎቹ በቦታቸው አሉ፣ የጠፋው ወደ እነሱ የሚመራው ገጽ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር ፎርማት ሳይደረግ እንደሚፈታ የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣላቸው። አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራቸው ተስተጓጎለ። ኮምፒውተሮቹ እንደ እርስዎ ላፕቶፕ ለመነሳት እየሞከሩ መልሰው ይወድቁ ነበር፤ ዲስካቸውም ራማቸውም ግን አንዳች አልሆነም። መፍትሔው በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ወይም በጥገናው ገጽ በኩል ገብቶ ያንን አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። አድካሚ የሆነው ሥራው ስለከበደ ሳይሆን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት ሰው ቀርቦ በእጁ መሥራት ስለነበረበት ነው።

አሁን ወደ ፋይሎችዎ እንምጣ። በቂ ቦታ ያለው ውጫዊ ዲስክ ወይም ፍላሽ ያዘጋጁ፤ ላፕቶፑም ከቻርጀሩ ጋር ተያይዞ ይቆይ። መጠገን አልተቻለም የሚለው ገጽ ሲወጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ በመቀጠል «ትራብልሹት»፣ እንደገና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ይክፈቱ። የዊንዶውስ የይለፍ ቃልዎን ሊጠይቅዎ ይችላል። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት ሊጽፉ የሚገባዎት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የማስታወሻ መጻፊያው የኖትፓድ ስም (በእንግሊዝኛ notepad) ነው። ኖትፓድ ሲከፈት «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር «ኦፕን» የሚለውን ይጫኑ፤ በታች በኩል የጽሑፍ ፋይሎችን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ይለውጡ። አሁን በፊትዎ ያለው ትንሽ መስኮት የዲስኩን ፎልደሮች በሙሉ ያሳይዎታል። በ«ዩዘርስ» ፎልደር ውስጥ በስምዎ የተቀመጠውን ያግኙ፤ የሚፈልጉትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ «ኮፒ» ብለው በውጫዊው ዲስክ ላይ «ፔስት» ያድርጉት።

እዚህ ላይ ሰውን የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በጥገናው ገጽ ውስጥ የዲስኮቹ ፊደላት ሊቀያየሩ መቻላቸው ነው፤ ዘወትር ሲ የሚባለው ድራይቭ እዚህ ዲ ወይም ኢ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ሲ ባዶ ቢሆን አይደንግጡ። ሁለተኛው መገልበጡ ምን ያህል እንደደረሰ የሚያሳይ መስመር አለመውጣቱ ነው። መስኮቱ የደረቀ መስሎ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጠው አያጥፉት። ውጫዊው ዲስክ መብራት ካለው ብልጭታውን ይመልከቱ። ሲያልቅ ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሳያነቡ ወደ ጥገናው አይለፉ፤ ስሙ ብቻ ተገልብጦ ይዘቱ ባዶ የሆነ ፋይል አያድንዎትም።

በዚህ መንገድ ካልተሳካ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚነሳበት ሌላ ሥርዓት) አዘጋጅቶ፣ ሳይጭኑ በቀጥታ ከፍላሹ አስነስቶ ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ይህን ይፈቅዳሉ። ፍላሹ ሲዘጋጅ በላዩ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይጠቀሙ። ሊኑክሱ ሲነሳም «ልሞክር» እና «ልጫን» የሚሉ ምርጫዎችን ካቀረበ የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ ሁለተኛው ዲስኩን ሊያጸዳው ይችላል።

በመገልበጥ ላይ ሳሉ አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ጥቂት ሜጋባይት ለመገልበጥ ብዙ ደቂቃ ከፈጀ፣ የሶፍትዌር ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነው፤ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። ያኔ ምንም ዓይነት የጥገና ትእዛዝ አይስጡት። ኮምፒውተሩን ያጥፉና የጠፋ መረጃ ማውጣት ሥራው ወደሆነ ባለሙያ ይውሰዱት፤ በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የቀረውን ይቀንሳል።

ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ ጥገናው ያን ያህል አያሳስብም። ፍላሹን፣ ፕሪንተሩንና ሌላውን ተቀጥላ ሁሉ ይንቀሉ። የእርስዎ ችግር የተነሳው በአፕዴት ጊዜ ስለሆነ በዚያው በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ሥር ካለው «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ቢጀምሩ ይሻላል፤ የመጨረሻውን ማሻሻያ ያነሳልዎታል። ካልሆነ «ሲስተም ሪስቶር» የሚለውን ይሞክሩ፤ አስቀድሞ የተቀመጠ የመመለሻ ነጥብ ካለ የዊንዶውስን ፋይሎች ወደዚያ ቀን ይመልሳል፣ የግል ሰነዶችን አይነካም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን ያነሳል። «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው ሪስታርት ካደረጉ በኋላ 4 ቁጥርን ሲጫኑ ደግሞ ሴፍ ሞድ ይመጣል። ሴፍ ሞድ ዊንዶውስን በጣም አስፈላጊ በሆኑ ድራይቨሮች ብቻ የሚያስነሳ በመሆኑ፣ በእሱ ከተነሳ ጥፋቱ በኋላ የተጨመረ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ነው ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ያንን ማንሳት ነው።

ይህ ሁሉ አልሆን ካለ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለው ከፎርማት በፊት ያለ የመጨረሻ አማራጭ ነው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን መርጠው ዊንዶውስን እንደ አዲስ እንዲጭን ያደርጋሉ። የጫኗቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ። ፋይሎችን ያቆያል መባሉ እውነት ቢሆንም በራሱ ብቻ አይተማመኑበት፤ ማቆየቱ በተጠቃሚው ፎልደሮች ውስጥ ላሉት እንጂ የትም ቦታ ለተበተነው ሁሉ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፎርማት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚጠፋብዎ ነገር ስለሌለ ባለሙያው ያሻውን ቢያደርግ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ እየሠራሁበት ሳለ ደርቆ ቀረ፤ በግድ አጠፋሁት። አሁን ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሲነሳ ጡጥ ጡጥ የሚል ድምፅ ያሰማል። ከዚያ በፊት ለተወሰነ ጊዜ ሰዓቱና ቀኑ እየተሳሳተ ያስቸግረኝ ነበር። ዊንዶውስን እንደገና ልጫንበት?

መልስ፦ አይጫኑ፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ገና ዊንዶውስ ጋር አልደረሰም። የሚሰሙት ድምፅ ማዘርቦርዱ በመጀመሪያው ፍተሻ ያገኘውን እክል የሚናገርበት መንገድ ነው። የድምፁን ብዛትና ርዝመት በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ትርጉሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ነው የሚፈለገው። በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ከድምፁ ይልቅ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ የተመደቡ አራት ትንንሽ መብራቶች ይገኛሉ፤ በርቶ የሚቀረው መብራት ወደ ጥፋተኛው ይጠቁማል።

ከሁሉም በፊት የስክሪኑን ኬብል ይመልከቱ። ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ ካለ ኬብሉ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ ነው፤ በማዘርቦርዱ በኩል የተሰካ ኬብል ያስከተለውን ጥቁር ስክሪን እንደ ትልቅ ብልሽት ቆጥሮ ቀኑን ሙሉ የሚደክም ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኬብሉ ደህና ከሆነ በጣም የሚጠረጠረው ራሙ ነው። የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው በውስጡ የቀረውን ኃይል ያስወጡ፤ ሣጥኑን ከከፈቱ በኋላ ያልተቀባውን የብረት ክፍል በእጅዎ ይንኩ፣ ይህም በሰውነትዎ ላይ ያለው ቋሚ ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ በራሙ ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች ገልብጠው ያውጡት፤ ሲመልሱት መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከማስገቢያው ጋር መግጠሟን አይተው መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ድረስ እኩል ይጫኑ። ሁለት ራም ካለዎት አንዱን ብቻ አስገብተው ይሞክሩ፤ በአንደኛው ተነስቶ በሌላኛው ካልተነሳ መልሱን አግኝተዋል። ዲዲአር 5 ራም ያለው ኮምፒውተር ራሙ ተነቅሎ ሲመለስ ራሱን ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃዎች በጥቁር ስክሪን ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ አያጥፉት። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ሰዓቱ ይሳሳት ነበር ያሉት ጠቃሚ መረጃ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ በአብዛኛው 3 ቮልት የሆነችውና 2032 የሚል ቁጥር ያለባት፣ እየደከመች ነው። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ሣጥኑ ከተከፈተ አይቀር ይለውጧት። ባትሪዋ ስታልቅ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች የባዮስ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመለሳሉ፤ ከእነሱ መካከል ዲስኩ የሚነበብበትን ዘዴ የሚወስነው ምርጫ ከተለወጠ፣ ስክሪኑ ከተመለሰ በኋላም ዊንዶውስ የማስነሻ ዲስኩን ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ኤኤችሲአይና ሬይድ ከተባሉት የንባብ ዘዴዎች ምርጫውን ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም ሬይድ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ መመለስ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ከብልሽት በኋላ አልነሳ ሲለኝ አንድ ወዳጄ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ነገሮችን ቀያየረ። አሁን 48 አኃዝ ያለው ቁጥር አስገባ እያለኝ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሰብሮ የሚያልፍ ሰው ይኖራል?

መልስ፦ የሚጠየቁት ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ነው። ዲስኩ የተመሰጠረው ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ሁኔታ እያረጋገጠ ቁልፉን ከሚሰጥ ትንሽ ቺፕ ጋር ተያይዞ ነው። ወዳጅዎ የባዮስን ምርጫ ሲለውጥ ቺፑ ሁኔታው ተለወጠብኝ ብሎ ቁልፉን ይዞ ቀረ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው የተለወጠውን ሁሉ፣ በተለይ «ሴኪዩር ቡት» የሚለውን፣ እንደ ነበረው መመለስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ሳይጠይቅ ይነሳል።

ካልሆነ ቁልፉ እርስዎ ሳያውቁት የተቀመጠበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ የገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ገብተው ይፈልጉት፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ቁልፉ የሚገኘው በዚያ ባለው የአይቲ ክፍል ዘንድ ነው። በስክሪኑ ላይ ከሚታየው የቁልፍ መለያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላትና ቁጥሮች በአካውንቱ ውስጥ ካሉት ጋር ያመሳክሩ፤ ከአንድ በላይ ቁልፍ ተመዝግቦ ሊያገኙ ይችላሉና። ቁልፉ የትም ከሌለ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካትም ሆነ ሊኑክስ ማስነሳት ፋይሎቹን አይከፍትም። ያለ ቁልፉ እከፍትልዎታለሁ የሚል ሰው ከመጣ ቅድሚያ ክፍያ አይስጡት።

ጥያቄ፦ ኃይል ተቋርጦ ኮምፒውተሬ ከጠፋ ወዲህ ሲነሳ ዲስክ እየፈተሸ ነው የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ 11 በመቶ ላይ ቆሟል። ላጥፋው ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ይጠብቁ፤ ቢያንስ እስከ ነገ ጠዋት። ይህ ቼክ ዲስክ የሚባለው ፍተሻ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በመቶኛ የሚታየው ቁጥርም በእኩል ፍጥነት ስለማይጨምር በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ድንገት ሊዘል ይችላል። በመሐል ማጥፋት የፋይሎቹ መዝገብ እየተስተካከለ ባለበት ሰዓት ሊቆርጠው ስለሚችል የባሰ ጉዳት ያመጣል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። መብራቱ ጨርሶ ጠፍቶ ወይም ዲስኩ እየተንኳኳ ቁጥሩ ሌሊቱን ሙሉ ካልተነቃነቀ ግን ያጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ማንኛውንም የኪቦርድ ቁልፍ ሲጫኑ ይታለፋል፤ ዊንዶውስ ከተከፈተልዎ ሌላ ነገር ሳይነኩ ፋይሎችዎን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፣ ፍተሻውንም ከዚያ በኋላ ይድገሙት።